የእሑዱ ጨዋታ ቅጂ

«ስንት ደረሰ?»

«አርባ ሁለት ፐርሰንት፣ አባዬ።»

«ቅድምም አርባ ሁለት ነበር ያልሽኝ!»

«ቅድም አርባ አንድ ነበር። ጀርባዬ ላይ ቆመህ ስትተነፍስብኝ ደግሞ አይፈጥንም። እባክህ ሂድና ተቀመጥ።»

ሄዶ ተቀመጠ። መቀመጥ ከተባለ፤ ወንበሩን ነካ አድርጎት ብድግ አለ። ከነጋ ጀምሮ ሰውየው መቆሚያ መቀመጫ አጥቷል፤ ከመስኮቱ ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ ኮምፒውተሩ፣ ከኮምፒውተሩ ተመልሶ ወደ መስኮቱ። ቤቱ ደግሞ እንደ ልብ የሚያንሸራሽር ቤት አይደለም። ሁለት ክፍል ነው፤ የፊተኛውን ግማሽ ልጅቷ የሰርግ ቪዲዮ የምታቀናብርበት ጠረጴዛ ይዞታል። በተመላለሰ ቁጥር እግሩ የኮምፒውተሩን ገመድ ሊጠልፈው ይደርሳል፤ በደረሰ ቁጥር የልጅቷ ልብ ቀጥ ይላል። ጠዋት መብራት ድንገት ድርግም ብሎ፣ ሊያልቅ የተቃረበው ሥራ እንዳልነበር ሆኖ፣ አሁን የምትጠብቀው ከዜሮ እንደገና የጀመረችውን ነው። አንድ ጊዜ ደግሞ ቢጠፋ እሷም አብራ ጥፍት ማለቷ ነው።

ሰውየው የመስመር ዳኛ ነው። እሑድ እሑድ ማለቴ ነው፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ የውሃ ቆጣሪ እያነበበ ነው የሚኖረው። ግን ማን በቆጣሪ ያውቀዋል! ሰፈር ሙሉ «ባንዲራው» ነው የሚለው። ሚስቱ እንኳ ስትቆጣው «አንተ ባንዲራው» ትለዋለች፣ ስታቆላምጠውም ያው ነው። እሱም ስሙን ይወደው ነበር። ካለፈው እሑድ ወዲህ ግን ያ ስም ስድብ ሆኗል።

የሆነው ይህ ነው። የከተማው ቡድን የግድ ማሸነፍ አለበት፤ ካላሸነፈ ወደ ታችኛው ሊግ ይወርዳል። ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው አጥቂው አገባ። ሕዝቡ አበደ፤ የማይተዋወቅ ሰው ተቃቀፈ፤ ጫማውን ወደ ሰማይ የወረወረም ነበር። ከዚያ ዘወር ብለው ሲያዩ ባንዲራው እጁን ወደ ላይ ሰቅሎ ቆሟል። ከጨዋታ ውጪ! ጎሉ ተሻረ፣ ቡድኑም ወረደ።

«ተሳሳተ» የሚል ሰው ጠፋ። «በላ» ነው ያሉት፤ እንደዋዛ፣ እንደ ታወቀ ነገር። ከማን እንደተቀበለና በየትኛው ካፌ እንደተቀበለ የሚያውቁ ሳይቀሩ ተገኙ። በማግስቱ ቆጣሪ ሊያነብ የሄደበት ቤት ሴትዮዋ በሩን ገርበብ አድርገው «ቆጣሪውንም እንደ ጎሉ ነው የምታነበው?» ብለው ድርግም አደረጉበት። ቤት መጥቶ ይህን እየሳቀ አወራው፤ ሻዩን ግን ሳይጠጣ አቀዘቀዘው። ልጅቷም ብትሆን አልቀረላትም፤ የአንዲት ሙሽራ እናት ደውለው «ለጊዜው ሌላ ቪዲዮ አቀናባሪ አግኝተናል፣ የኔ እናት» አሏት። ድምፃቸው ውስጥ ማፈር ነበረበት። ያ ነው ይበልጥ ያናደዳት።

ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የዲሲፕሊን ኮሚቴው ያናግረዋል። ገንዘብ ተቀብሏል ብለው ከወሰኑ ዕድሜ ልኩን ይታገዳል። ያም ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ የውሃው መሥሪያ ቤት አለቃም «በየሰው ግቢ የሚገባ ሠራተኛ ስሙ በገንዘብ ከተነሳ ይቸግረናል» ብሎ ከወዲሁ አስጠንቅቆታል።

ማስረጃ ይታይ እንዳይባል ጨዋታውን ያስተላለፈው ጣቢያ ቅጂውን አላስቀመጠም። ከስልክ ስልክ የሚዞረው ቪዲዮ አንዱ ከቴሌቪዥን ላይ የቀረጸው ነው፤ ግማሹ የሰው ጭንቅላት፣ ግማሹ ጩኸት። ደህና ቅጂ ያለው እዚሁ ቤት፣ ሪሲቨሩ ውስጥ ነው፤ ምስጋናው ለእናትየው ይሁን። እናትየው ስለ ኳስ የምታውቀው ክብ መሆኗን ብቻ ነው። ግን ባሏ የሚዳኘው ጨዋታ በቴሌቪዥን በተላለፈ ቁጥር ቀርጻ ታስቀምጣለች። ከዚያ ቁጭ ብላ የምታየው የምስሉን ግርጌ ነው፤ እሱ ብቅ ሲል «ይኸው መጣ»፣ ሲጠፋ «ይኸው ሄደ» እያለች። ጎል ገባ አልገባ ጉዳይዋ አይደለም።

ሪሲቨሩ የቀረጸው ፋይል ደግሞ ኮሚቴው ጋ ባለው ኮምፒውተር አልከፈት አለ። «የትም የሚከፈት አድርጋችሁ አምጡልን፤ የምንፈልገውም ያችን ቅጽበት ብቻ ነው» አሉ። ይኸው ነው የልጅቷ ሥራ፤ የጨዋታውን የመጨረሻ ክፍል ወደ ሌላ ዓይነት ቪዲዮ መቀየርና ቅጽበቷን ቆርጣ ፍላሽ ላይ መጫን። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሥራም አይባልም። ዛሬ ግን አሮጌው ኮምፒውተር እንደ ታመመ ሰው ያጣጥራል፣ አባቷ ይንቆራጠጣል፣ እሷም ጥፍሯን ትበላለች።

«ስንት ደረሰ?»

«አባዬ!»

መቶ ሲሞላ ሦስቱም ኮምፒውተሩ ፊት ተደረደሩ። እናትየው እጇን በቀሚሷ እያደረቀች ነው የመጣችው። ልጅቷ ጨዋታውን ወደ ፊት አስሮጠችው፣ ኳሷ ከመመታቷ ትንሽ ቀደም ብላ አቆመችና ቀስ እያደረገች ለቀቀችው።

«ይኸው!» አባቷ ጠረጴዛውን በጥፊ መታው። «ይኸው ወጥቷል! አላልኳችሁም? እግሩ ወጥቷል፣ ደረቱም ወጥቷል! ሌባ ይበሉኝ አሁን! ወንድ የሆነ ይምጣና ሌባ ይበለኝ!»

«አንተ የት አለህ?» አለች እናትየው።

«እኔን ተዪኝና አጥቂውን እዪ!»

«አጥቂው ምኔ ነው?»

ሳቁ። ከእሑድ ወዲህ በዚያ ቤት ሲሳቅ የመጀመሪያው ነው። አባትየው ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ፊቱን ሊላጭ ወደ ጓሮ ሄደ፤ ያፏጫል።

ልጅቷ ግን ዓይኗን ከምስሉ ላይ አልነቀለችም። አጥቂው ሁለት ነው። አንዱ ደመቅ ብሎ ወደ ኋላ፣ ሌላው ደብዘዝ ብሎ ወደ ፊት፤ ልክ ሰውየው ነፍሱ ቀድማው የወጣች ይመስል። አባቷ ያየው የፊተኛውን ነው። ቢፈልግ የኋለኛውንም ማየት ይችል ነበር።

ይህ ለሌላ ሰው ተአምር ሊመስለው ይችላል፤ ለእሷ ግን የሥራ ነገር ነው። ቴሌቪዥን አንዱን ምስል ለሁለት ከፍሎ ነው የሚልከው፤ አንዱን መስመር ዘሎ አንዱን፣ ከዚያ ተመልሶ የተዘለሉትን። በሁለቱ መካከል የዓይን ጥቅሻ የማታህል ጊዜ አለች፤ የሚሮጥ ሰው ግን በዚያችም ይሮጣል። ሥራው ቶሎ እንዲያልቅ ብላ ፕሮግራሙን «ሁለቱን ግማሾች አዋህድ» ብላው ነበር፤ አዋሃደው። ሁለቱን ለያይቶ እያንዳንዷን ግማሽ ለብቻዋ ሙሉ ምስል እንዲያደርጋት ብታዘው ግን ነገሩ ይጠራል። ጊዜ ይወስዳል እንጂ ይጠራል።

ይብቃሽ፣ አለችው ራሷን። ሰውየው እያፏጨ ነው። ጫኚና ስጪው። ኮሚቴው ቢያይ ቢያይ «ለመወሰን ያስቸግራል» ነው የሚለው፤ ለመወሰን ካስቸገረ ደግሞ ማን ዳኛውን ይቀጣል?

እጇ ግን አላረፈም። ሙሽሮች ደብዝዘው ሲወጡ እንቅልፍ የማይወስዳት ልጅ ናት። ምስሎቹን ለያይ ብላ አዘዘችውና ቁጥሩ ከዜሮ መቁጠር ጀመረ።

«አላለቀም እንዴ?» አለች እናትየው ፊቷን አይታ።

«እያጠራሁት ነው።»

«ታዲያ ምን ያንቀዠቅዥሻል? ጥፍርሽን ልትጨርሺው ነው።»

«እማዬ፣ የአባዬ ጉልበት እንዴት ነው? ዛሬም ሲመላለስ ቀኝ እግሩን ይጎትት ነበር።»

እናትየው በሩን ዞር ብላ አየች። ፉጨቱ ከጓሮ ይሰማል። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ማታ ማታ የማሸው እኔ አይደለሁ? የቀኝ ጉልበቱ አልቋል። ፌዴሬሽኑ በሩጫ ሲፈትናቸው በፋሻ ጠፍንጎት ሄዶ፣ አልፎ ሲመጣ እዚህ ሶፋው ላይ ወድቆ እንደ ሕፃን ነው ያለቀሰው። እንዳትነግሪው። ልሙትልሽ፣ ለማንም እንዳትነግሪ ብሎኛል።»

«እንግዲያስ ለምን አይተወውም?»

«ጠይቂው እስቲ! ሚስትህን ፍታ ብትይው ይቀለዋል።»

አባትየው ተላጭቶ፣ ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ ክራቫት ሳይቀር አስሮ ገባ። ፍላሹን ስጪኝ ብሎ እጁን ዘረጋ። ልጅቷ «ትንሽ ብቻ፣ የበለጠ እንዲታይልህ ነው» አለችው። ደስ አለው። «ጎሽ! አጥሪው፣ ፀሐይ አድርጊው!» ብሎ ጫማውን ሊወለውል ደጅ ወጣ።

ሲያልቅ ቤት ውስጥ ያሉት እናትና ልጅ ብቻ ነበሩ። ልጅቷ ጠቋሚውን ቅጽበቷ ላይ አድርሳ ምስሎቹን አንድ በአንድ እየገፋች አየቻቸው። በመጀመሪያው ቅጂ ውስጥ ያልነበረች አንዲት ምስል ብቅ አለች፤ የአቀባዩ እግር ኳሷን የነካባት። አጥቂው አንድ ነው፤ ጥርት ብሏል፤ ከተከላካዩ ትከሻ ለትከሻ ነው። አልወጣም። ጎል ነበር።

ከዚያ ዝቅ ብላ እናቷ ሁልጊዜ የምታየውን የምስሉን ግርጌ አየች። አባቷ መሆን የነበረበት ከተከላካዩ ትክክል፣ መስመሩ ላይ ነው። እሱ ግን ወደ ኋላ ቀርቷል። ግራ እግሩ ሮጦ ቀኙ ተጎትቷል፤ አንገቱ ብቻ ወደ ፊት ተመዟል። ልጅቷ ማስመሪያ አንስታ ከአባቷ ዓይን ጀምራ የኮምፒውተሩ ማያ ላይ አጋደመችው። አጥቂው ለእሱ ቅርብ ነው፣ ተከላካዩ ከወዲያ ማዶ። ከዚያ ከቆመበት ሆኖ ለሚያይ ሰው አጥቂው ወጥቷል። ማንም እዚያ ቢቆም፣ ንጉሥም ይሁን መነኩሴ፣ ባንዲራውን ያነሳ ነበር።

«ጉቦ አይደለም» አለች። ዓይኗ እንባ ሞላ። «አየሽ እማዬ? ጉልበቱ ነው። አልበላም።»

«መቼ በላ አልኩ እኔ!»

«እኔ ብዬ ነበር» አለች ልጅቷ። «በአፌ አላልኩም። ግን አንድ ሌሊት፣ አንዲት ሰዓት፣ በልቶ ይሆን እንዴ ብዬ ነበር።»

እናትየው ወደ ማያው ተጠጋች። «ይሄን ካዩ ሌባ አይሉትም» አለች። «ግን ሁለተኛ ሜዳ አያስገቡትም። መሮጥ እንደማይችል፣ ፈተናውንም አታሎ እንዳለፈ ይገባቸዋል። አይደል?»

«አዎ።»

«በፊተኛው ቅጂ ግን ይለቁታል።»

«በፊተኛው አይታወቅም ብለው ይለቁታል። ባንዲራውን አይነጥቁትም። ሰፈሩ ግን በላ እንዳለ ይኖራል።»

«ሰፈር ይሰለቸዋል፤ ነገ ሌላ ሰው ያነሳል። ያንኛውን ጫኚለት፣ ልጄ። ምን አጠፋሽ? ያም ያው ጨዋታ ነው። አልጨመርሽበት፣ አልቀነስሽበት።»

እውነቷን ነው፤ ያ ነው ልጅቷን የቸገራት። ሁለቱም ከአንድ ፋይል የወጡ ናቸው። ማንም መጥቶ «አጭበርብረሻል» ሊላት አይችልም። የፊተኛውን ፍላሽ ላይ ጫነችው። መልሳ አጠፋችው። እንደገና ጫነችው።

«ጠራ?»

በሩ ላይ ቆሟል፤ አንድ እጁ ጫማው ውስጥ፣ በሌላው ብሩሽ ይዞ። ማያውን ለመዝጋት ጊዜ አልነበራትም፤ ልትዘጋው እንደፈለገችም ማለት አይቻልም። ገባ፣ ጎንበስ አለ። አጥቂውን አየ። ከዚያ ዓይኑ ቀስ ብሎ ወደ ግርጌው ወረደ፤ እዚያም ቀረ።

ሰውየው ራሱን ሲሮጥ አይቶ አያውቅም። ሚስቱ የምትቀርጸውን «የኔን ፊት ደግሞ ምን ላድርገው» ብሎ አያይላትም ነበር።

«አጫውቺው» አለ።

አጫወተችው።

«እንደገና።»

ለሦስተኛ ጊዜ ሲጠይቅ ድምፁ ተለውጦ ነበር። ጫማውን መሬት ላይ አኖረና ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ጎል ነበር» አለ። «እነዚያን ሁሉ ልጆች... ጎል ነበር እኮ!»

«አባዬ፣ ከቆምክበት ሲታይ ግን —»

«ከቆምኩበት! እዚያ ነው እንዴ መቆም የነበረብኝ?» ጮኸባት። ወዲያው ደግሞ ጩኸቱን የጮኸው ሌላ ሰው ይመስል ዙሪያውን አየ። «ይቅርታ፣ የኔ ልጅ። በአንቺ አይደለም።»

«ሌላኛው አለ» አለች እናትየው ፈጠን ብላ። «ፍላሹ ላይ ተጭኗል። ቅድም ያየነው። ያንን ይዘህ ሂድ፣ ማንም ምንም አይልህም።»

«ምን ልዩነት አለው ያኛው?»

«ምንም» አለች ልጅቷ፤ ግን ልትዋሸው አልቻለችም። «አልጠራም እንጂ ያው ነው። ከያዝከው ሐሰት ይዘሃል የሚልህ የለም። እኔም አልልህም።»

ስልኩ ጮኸ። አነሳው፤ የኮሚቴው ጸሐፊ ናት። ድምፅዋ ለሦስቱም ይሰማል። «ሰብሳቢው ደርሰዋል፣ እርስዎን ነው የምንጠብቀው። ቪዲዮው ከኳሷ መመታት እስከ ጎሉ ብቻ ይሁን ብለዋል፤ ጊዜ የለም።»

«እሺ፣ መጣሁ» ብሎ ዘጋው። ስልኩን እጁ ላይ እያገላበጠ ቆየ።

«እኔ አልበላሁም» አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

«እናውቃለን» አለች ሚስቱ።

«አንቺ ታውቂያለሽ። ይቺ ግን ስትጠራጠር ነበር፤ ዓይኗን አይቼዋለሁ።»

ልጅቷ ደሟ ወደ ፊቷ ወጣ። አባቷ ግን አልተቆጣም፣ ትከሻዋን በመዳፉ መታ መታ አደረጋት፤ ያም ከቁጣው ይበልጥ አቃጠላት።

«የትኛውን ልጫን፣ አባዬ?» አለች ድምፅዋ እየተሰበረ።

«ይሄን የጠራውን ከየት ነው የምትቆርጪው?»

«ኳሷ ከመመታቷ ትንሽ ቀደም ብዬ። እነሱ ያሉት ያንን ነው።»

«እሱ ብቻ ከሆነ እኮ እዚያ ቆሜ ነው የሚያዩኝ። ለምን እዚያ እንደቆምኩ አያዩም። ገንዘብ የበላ ሰው ሆን ብሎ ነው የቀረው ይላሉ።» ጣቱን ማያው ላይ አሳረፈ። «ወደ ኋላ መልሺው።»

«እስከ የት?»

«ከመሃል ሜዳ። መሮጥ ከጀመርኩበት።»

እናትየው እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ሰውዬ፣ ስታነክስ እኮ ነው የሚያዩህ!»

«ይዩኛ» አለ። ጎንበስ ብሎ ጫማውን ማጥለቅ ጀመረ፤ ቀኝ እግሩ አልታጠፍ ስላለው ሚስቱ መጥታ አጠለቀችለት።

ልጅቷ ጠቋሚውን ይዛ ወደ ኋላ ሳበችው፤ ጎሉን አልፋ፣ ምቱን አልፋ፣ አባቷ ከምስሉ ጥግ አንድ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ብቅ እስኪል ድረስ። እዚያ ላይ ቆረጠችው።